«አንፍሬንድድ» የሚያስፈራው እስከ የት ድረስ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አንፍሬንድድ የተባለውን የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም አይተን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ድንቅ ነው አልን፤ ሌሎቻችን መጨረሻው አበላሸው አልን። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ የ15 ደቂቃ ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ለመሥራት አስበናል። መንፈሱ የሚመጣው በቴሌግራም ነው። የአንፍሬንድድ ጥንካሬና ድክመቱ ምንድን ነው? ምን እንውሰድ፣ ምን እንተው?»

በክርክራችሁ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ፊልሙ የሟቿ ልጅ መንፈስ በአንድ የኢንተርኔት አካውንት አቅም ተወስና እስከቆየች ድረስ በጣም ያስፈራል። ከአካውንቱ ወጥታ የቤት ዕቃ ማንቀሳቀስ ስትጀምር ግን ከማንኛውም የመንፈስ ፊልም የሚለየው ነገር ይጠፋል። ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር ፊልሙን ያላየ አንባቢ ካለ መጀመሪያ ቢያየው ይሻለዋል።

ዳይሬክተሩ ጆርጂያዊው ሌቫን ጋብሪያድዜ ነው፤ የጻፈው ኔልሰን ግሪቭስ፣ ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ደግሞ ቲሙር ቤክማምቤቶቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞንትሪያል ውስጥ በፋንታዚያ ፌስቲቫል ሲታይ ስሙ «ሳይበርናቹራል» ነበር። በ2015 በአዲሱ ስሙ በዩኒቨርሳል በኩል ለሲኒማ ቤቶች ቀረበ። 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ60 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ርዝመቱ 83 ደቂቃ ሲሆን የምናየው የአንዲት ልጅ፣ የብሌርን፣ የላፕቶፕ ስክሪን ብቻ ነው። ብሌርና አምስት ጓደኞቿ በስካይፕ የቪዲዮ ጥሪ ያወራሉ። ዕለቱ ላውራ ባርንስ የተባለችው የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ራሷን ካጠፋች ልክ ዓመት የሞላው ነው፤ ላውራ እዚያ የደረሰችው አሳፋሪ ቪዲዮዋ ኢንተርኔት ላይ ተለቆ መሳለቂያ ስለሆነች ነው። ማንም ያልጋበዘው «ቢሊ227» የሚባል ተጠቃሚ ጥሪው ውስጥ ይገኛል። ጥሪውን ዘግተው እንደገና ቢደዋወሉም አብሮ አለ፤ የላውራ መንፈስ ነው።

ከጥንካሬው ልጀምር። ትልቁ ግኝት ተሰርዞ ያልተላከው ጽሑፍ ነው። ብሌር ለፍቅረኛዋ ለሚች ረጅም ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ ከርሰሩ መጨረሻው ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ይቆያል፤ ከዚያ ሁሉንም አጥፍታ አጭር ነገር ትልካለች። ሚች ያላየውን እኛ አይተናል። በመደበኛ ፊልም የሰውን የውስጥ ሐሳብ ለማሳየት ትረካ ወይም የፊት ክሎዝ አፕ (በጣም የቀረበ ምስል) ያስፈልጋል፤ እዚህ አንድ የመሰረዣ ቁልፍ ብቻ በቂ ሆነ። ብሌር ውሸታም መሆኗን ማንም ሳይነግረን ቀድመን የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው። መጨረሻ ላይ ያንን ቪዲዮ የቀረጸችው እሷ መሆኗ ሲወጣ የማይገርመን፣ ግን የሚያመን፣ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥንካሬ የመንፈሷ ፊት ነው። ቢሊ227 ፎቶ የለውም፤ ፎቶ ላላስገባ ሰው ስካይፕ ይሰጥ የነበረው ባዶ የሰው ቅርጽ ብቻ ነው ያለው። ሜካፕ የለም፣ ኮምፒውተር የሠራው ጭራቅ የለም። ተመልካቹ በየቀኑ ሺህ ጊዜ ያለፈው ምልክት ስድስት ፊቶች መሀል ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዝም ማለቱ ነው ኃይሉ።

ሦስተኛው የኔትወርክ መቆራረጥን ማስፈራሪያ ማድረጉ ነው። ቫል የተባለችው ልጅ ድንገት ምስሏ ይመጣል፤ ፍጹም አትንቀሳቀስም። ጓደኞቿ ቪዲዮው ቆሟል ይላሉ፤ እኛም እንደዚያው እናስባለን፤ ሁላችንም ያየነው ነገር ነውና። ከዚያ ከክፍሏ ውስጥ አንድ ትንሽ እንቅስቃሴ ይታያል፤ ኔትወርኩ እየሠራ ነበር ማለት ነው። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የሞት ትዕይንት የለም።

አራተኛውንና እኔ ከሁሉ የማስበልጠውን በደንብ ልብ በሉት። የብሌርና የጓደኛዋ የአዳም ፕሪንተሮች አንድ አንድ ወረቀት ያትማሉ። ሁለቱም አንብበው ይደነግጣሉ፤ ለማንም ማሳየት አይፈልጉም። ሚች ይቀናል፤ ካላሳየሽኝ ከጥሪው እወጣለሁ ይላታል፤ የሚወጣ ደግሞ እንደሚሞት ተነግሯቸዋል። ብሌር ተጨንቃ ወረቀቷን ወደ ካሜራው ታዞራለች፦ ይህን ካሳየሽ አዳም ይሞታል ይላል። አዳም ወዲያው ይሞታል። የእሱ ወረቀት ደግሞ ብሌር ትሞታለች የሚል ነበር። መንፈሷ የተጠቀመችው ሁለት ወረቀትና አንድ ቅናት ነው። ጓደኛሞቹ የሚጠፉት በገዛ ምስጢራቸው ነው፤ መንፈሷ የምታስጀምራቸው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ «ይህን አድርጌ አላውቅም» የሚባባሉበት የምስጢር ጨዋታም ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

አሠራሩም ለዚህ ረድቷል። ተዋናዮቹ አንድ ቤት ውስጥ በተለያዩ ክፍሎች ላፕቶፕ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ትዕይንቱን ሳይቆራርጡ በረጃጅም ቴክ ተጫውተዋል። አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ፣ ሳቅ በተሳሳተ ቦታ ሲገባ የምንሰማው ተፈጥሯዊነት ከዚያ የመጣ ነው። ለየብቻ ተቀርጾ በኤዲቲንግ የተገጣጠመ ንግግር እንዲህ አይሆንም።

ወደ ድክመቱ ስንመጣ ዋናው የሕግ መላላት ነው። መጀመሪያ ላይ ላውራ አካውንት ውስጥ ያለች ናት፤ መልእክት ትልካለች፣ ፎቶ ትለጥፋለች፣ ከጥሪ አትወጣም። በኋላ ግን መብራት ታጠፋለች፤ ከጓደኞቹ ኬን በመፍጫ፣ ጄስ በፀጉር መተኮሻ ይሞታሉ። ሰውየውን ራሷ ትይዘዋለች ወይስ ራሱን እንዲጎዳ ታደርገዋለች? ፊልሙ አይመልስም። አቅሟ ወሰን ከሌለው ደግሞ ስካይፑ ለምን አስፈለጋት? ተመልካች መንፈሱ ምን ማድረግ እንደማይችል ካላወቀ ፍርሃቱ ወደ መጠበቅ ይለወጣል፤ «አሁን ማን ነው ተረኛው?» እያለ ይቆጥራል። መፍጫው ሲኒማ ቤት ውስጥ ሳቅ የሚያስነሳው ለዚህ ነው፤ ዕቃው ከስክሪኑ ዓለም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች የባሱ ናቸው። የብሌር ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ የሰው አስተያየት መደርደር ይጀምራል። ታሪኩ እዚያ አልቋል። ላውራ ላይ የደረሰው በትክክል ብሌር ላይ ደረሰ፤ ከዚህ የከፋ ቅጣት ፊልሙ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን እጆች መጥተው ላፕቶፑን ይዘጉታል፣ 80 ደቂቃ ሙሉ ስክሪን የነበረው ካሜራ ድንገት የብሌር ዓይን ይሆናል፣ አንድ ፊት እየጮኸ ይወረወርብናል። ለአንድ ሴኮንድ ድንጋጤ የፊልሙን ቅርጽ ሸጡት። «መጨረሻው አበላሸው» ያላችሁት እኔም እንደናንተ ነኝ።

መሀሉ ላይም ድካም አለ። ጨዋታው ሲጋጋል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ በትንንሽ የኮምፒውተር ማይክ የሚመጣ ድምፅ መስሎ የተሠራ ጩኸት ደግሞ ቶሎ ያደክማል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጆሮ መስማት ያቆማል። ላውራ ራሷም ከቪዲዮና ከጓደኞቿ ወሬ ውጪ ሰው ሆና አትታወቅም፤ መጥፎ ሰው ነበረች ይባላል፣ ግን ተጀምሮ ይተዋል። በደሏ ላይ የቆመ ፊልም እሷን እንዲህ ባዶ መተው አልነበረበትም።

ራስን ማጥፋትን በተመለከተ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። ፊልሙ የሚከፈተው ድርጊቱን የያዘ ቪዲዮ እየታየ ነው፤ ከዚያም ሞቷን የኃይል ምንጭ ያደርገዋል፤ ሞታ ሁሉንም የምትበቀል ሆነች። ለተበደለ ወጣት ተመልካች ይህ አደገኛ መልእክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለፊልምና ለመድረክ ሠሪዎች ያወጣው መመሪያ ድርጊቱንም ዘዴውንም እንዳታሳዩ ይመክራል። የእናንተ ሟች በመኪና አደጋ ወይም በበሽታ ብትሞት ታሪካችሁ ምንም አይጎድልበትም፤ የጓደኞቿ ጥፋት በሕይወት እያለች ያደረጉባት ነገር ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሌሎች ፊልሞችን አነጻጽራችሁ እዩ። «ፍሬንድ ሪኩዌስት» የጀርመን ሥራ ነው፤ በእንግሊዝኛ ኬፕታውን ውስጥ የተቀረጸ፣ ዳይሬክተሩ ሲሞን ፈርሁፈን። አንድ ግሩም ሐሳብ አለው፦ የባለታሪኳ የጓደኛ ቁጥር በስክሪን ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በስሟ የሚለጠፈውን ማጥፋት አልቻለችም፤ ሰው ሁሉ ይሸሻታል። ቁጥሩ ራሱ ማስፈራሪያ ሆነ። ነገር ግን ፊልሙ በየደቂቃው ከስክሪኑ እየወጣ ጫካ፣ ጥንቆላ፣ ተርብ ውስጥ ይገባል፤ ማኅበራዊ ሚዲያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። «ሆስት» ደግሞ በ2020 በኮሮና ወቅት ሮብ ሳቬጅ ከርቀት እየመራ በዙም ላይ የሠራው ሲሆን 57 ደቂቃ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አንዷ ራሷን ቀርጻ ከኋላዋ እንደ ባክግራውንድ ደጋግሞ እንዲታይ ያደረገችው ቪዲዮ አለ፤ ወደ ክፍሉ ስትገባ ያሳያል። መጀመሪያ ያስቃል፣ በኋላ ከዚያ ምስል ጀርባ እውነተኛዋ ልጅ ምን ላይ እንዳለች ስናይ ያስደነግጣል። መሣሪያው ከአፕሊኬሽኑ ውስጥ የተገኘ ስለሆነ ይሠራል።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ። ቴሌግራም ከስካይፕ የተሻለ ማስፈራሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ስልካችሁ ላይ የተመዘገበ ቁጥር ቴሌግራም ሲከፍት «እገሌ ቴሌግራም ተቀላቀለ» የሚል ማሳወቂያ ይመጣል። የሞተ ሰው ሲም ካርድ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የሟቹ ስም በእናንተ ስልክ ላይ ብቅ ይላል። ይህ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ለአምስት ደቂቃ ያህል «ቁጥሩን የገዛ ሰው ነው» ብሎ ራሱን ማሳመን ይችላል፤ ያ ጥርጣሬ ከማንኛውም ጩኸት ይበልጣል። ጊዜውንም ከራሳችን ውሰዱ፦ አርባዋ ወይም ሙት ዓመቷ ይሁን። ፎቶዋ ሥር «ነፍስ ይማር» ብለው የጻፉትን ወደ ላይ ስናሸብል፣ እነዚያው ሰዎች ከዚያ በፊት በዚያው ግሩፕ ምን ብለው እንደሳቁባት እናንብብ። የብሌር ጓደኞች ጥፋት በአማርኛ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት መንፈሷ የማትችላቸውን ሦስት ነገሮች ወስኑና ለራሳችሁ ጻፉ። ለምሳሌ፦ መልእክት ከመላክ ውጪ ምንም አታደርግም፤ የምትልከው በሕይወት እያለች የጻፈችውን ወይም ስለ እሷ የተባለውን ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ከጠፋ ወደ ስልክ ትመጣለች እንጂ ወደ ክፍል አትመጣም። ስክሪፕቱ ላይ ከእነዚህ አንዱን የሚያፈርስ ትዕይንት ካገኛችሁ ምንም ያህል ቢያምር ቁረጡት።

ተሰርዞ የማይላከውን ጽሑፍ ውሰዱ። በአማርኛ ደግሞ የበለጠ ሀብት አላችሁ። በድምፅ አጻጻፍ በሚሠራ ኪቦርድ «ሰ» ለመጻፍ መጀመሪያ «ስ» ይመጣል፣ ከዚያ አናባቢው ሲነካ ይቀየራል። ጣት እዚያ መሀል ከቆመ ተመልካቹ ሰውየው ማመንታቱን በአንዲት ፊደል ውስጥ ያየዋል። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎ ጽፎ፣ «ይቅር» እስኪቀር ሰርዞ፣ ከዚያ «እሺ» ብሎ የሚልክ ሰው ሙሉ ገጸ ባሕርይ ነው። ከጓደኛ ጋር በላቲን ፊደል፣ ለእናት በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ልጅም እንዲሁ። መንፈሷ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ትጻፍ፤ በሕይወቷ ትጽፍ እንደነበረው፣ ከነስህተቷ።

ስክሪፕቱን በሁለት ዓምድ ጻፉት፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። እያንዳንዱ ክሊክ ቁጥር ይኑረው። ከዚያ ተዋናይ ከመጥራታችሁ በፊት ሙሉውን 15 ደቂቃ በራሳችሁ ድምፅና በቋሚ ፎቶዎች በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ታይምላይን ላይ ሠርታችሁ ተመልከቱት። ሙሉው በስክሪን ላይ የሚታየው «ሰርቺንግ» የተሠራው እንዲህ ነው፤ ቀረጻው 13 ቀን ብቻ ሲፈጅ ኤዲቲንጉና የስክሪን ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ወስዷል። በዚህ ዓይነት ፊልም ድካሙ ከካሜራ ጀርባ አይደለም፤ ለኤዲተሩ ብዙ ጊዜ መድቡ።

ተዋናዮቹ ቢበዛ አራት ይሁኑ። ስድስት ፊት በስልክ ሲታይ ማን እንደተናገረ አይለይም። እያንዳንዱን በየክፍሉ አስቀምጡና እውነተኛ የቪዲዮ ጥሪ አገናኟቸው፤ ጥሪው ግን ለትወና ብቻ ነው፣ አትቅረጹት። የሚቀረጸው ከላፕቶፑ ካሜራ አጠገብ በተቀመጠ ስልክ ነው። ንጹሕ ምስል ካላችሁ መቆራረጡን በኤዲቲንግ በፈለጋችሁት ሴኮንድ ትጨምሩበታላችሁ፤ ቀድሞ የተበላሸ ምስል ግን አይጠገንም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛ፣ ስልክ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ብሎ የቀረጸው ብርሃን ሲያንስ ይቀንሳል፤ ፍሬሙ ስለሚዋዥቅ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ፋይሉን ሁሉ ወደ ኤዲቲንግ ከማስገባታችሁ በፊት ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀይሩት፤ በየቴኩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይም እጅ ይጨብጨብ። ሁለተኛ፣ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በምስሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጥቁር መስመር ይጥላል፤ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ ቆልፉት። ሦስተኛ፣ ኤክስፖዠሩ (የምስሉ የብርሃን መጠን) አውቶማቲክ ከሆነ ስክሪኑ ነጭ ገጽ በከፈተ ቁጥር ፊቱ ይጨልማል፤ እሱም ይቆለፍ። ለፊት ብርሃን ላፕቶፑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ መክፈትና ከጀርባው አንድ ትንሽ አምፖል ወደ ግድግዳ ማዞር ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ሞልታችሁ ጀምሩ፤ ዋይፋዩ አብሮ ስለሚጠፋ የስልክ ዳታ በተጠንቀቅ ይሁን።

የላፕቶፑን ስክሪን በቀጥታ ቀርጻችሁ አትጠቀሙበት። የኋላውን ምስል፣ የቻቱን ዝርዝር፣ እያንዳንዱን መልእክት፣ የማውሱን ከርሰር (ቀስቱን)፣ ሰዓቱን ለየብቻ በሌየር (በተደራረበ ንብርብር) ሥሩ። ከርሰሩ ለብቻው ከሆነ ፍጥነቱን መቀየር ትችላላችሁ፤ ቀጥ ባለ መስመር አይሂድ፣ ትንሽ ይጠማዘዝ፣ ከመጫኑ በፊት ግማሽ ሴኮንድ ይቁም፤ ሲፈራ ሁለት ሴኮንድ። ሰዓቱ ተለይቶ ካልተሠራ በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ይዘላል፤ የባትሪው መጠንና ያልተነበበ መልእክት ቁጥርም እንደዚሁ። ሰዓቱ 9:00 ሲል ተዋናዩ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት» ቢል ማንም አይደናገርም፤ እንደዚያው ተዉት። ሥራውን በ3840 በ2160 አዘጋጅታችሁ በ1920 በ1080 ብታወጡት ሳይደበዝዝ እስከ ሁለት እጥፍ ማጉላት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው በስልክ ስለሚያየው ይህ ያስፈልጋችኋል፤ «አንፍሬንድድ» በሲኒማ ቤት ትልቅ ስክሪን ስለታየ ስክሪኑን ሙሉውን ይዞ መቆየት ችሏል።

አንድ መልእክት ከአሥር ቃል አይብለጥ፤ ቀስ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት እስኪያልቅ ድረስ ስክሪኑ ላይ ይቆይ። ሰው እያነበበ ሌላ ሰው አይናገር። የማጀቢያ ሙዚቃ አታስገቡ፤ የኪቦርድ ድምፅ፣ የማሳወቂያ ድምፅ፣ ከውጭ የሚሰማ ውሻና ሚኒባስ ይበቃል። የእያንዳንዱን ሰው ኪቦርድ ለየብቻ ቅረጹ፤ በስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከአራቱ የማንም ያልሆነ የኪቦርድ ድምፅ ቢሰማ ተመልካቹ ያውቀዋል።

ሲያልቅ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው በስልክ ላይ አሳዩት፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ድምፁን አጥፍታችሁ። ማን ማንን እንደሚዋሽ ከከርሰሩና ከተሰረዘው ጽሑፍ ብቻ ከነገራችሁ ቀጥሉ። ካልነገራችሁ ተዋናዮቹን አትውቀሱ፤ ወደ ግራው ዓምድ ተመልሳችሁ ክሊኮቹን እንደገና ጻፉ።